ደካማ የተባለው ወታደር

ነጭ የደም ሴል ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሳት ምሳሌ አለች፦ «የሰውነታችን ወታደር»። ለመሆኑ የዚህ ወታደር ጉልበት ስንት ነው? መልሱን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ታሪኩ የሚጀምረው በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮፍ የተባለው ተመራማሪ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ገላ ውስጥ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ያየው ግን ሴሎቹ ጠላትን መክበባቸውን ነው፤ ጉልበታቸውን አልለካም።

ጉልበቱ በዓይን የታየው በ1980 ነው። አሜሪካዊው አልበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ ሴሎችን እጅግ ስስ በሆነ የሲሊኮን ጎማ ላይ አሳደሩ። ሴሉ ሲጎትት ጎማው ተጨማደደ። ቁስል የሚጠግኑት ፋይብሮብላስት የተባሉት ሴሎች ጎማውን ክፉኛ አጨማደዱት። ፈጣኖቹ ነጭ የደም ሴሎች ግን በብዙ እጥፍ ደካማ ሆነው ተገኙ። ወታደሩ ከግንበኛው አነሰ ማለት ነው!

ልኬቱ አልተሳሳተም። ስሕተት የሚሆነው «ትንሽ ነውና ቁም ነገር የለውም» ብሎ ማለፍ ነበር። ወርቅ በእህል በረንዳ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ መርፌው ንቅንቅ አይልም፤ ወርቁ ግን ወርቅ ነው።

የወርቁ ሚዛን ቀስ በቀስ መጣ። በ1999 ማይካ ዴምቦና ዩ-ሊ ዋንግ ለስላሳ ጄል ውስጥ የሚያበሩ ጥቃቅን እንክብሎችን ቀበሩ። ሴሉ ጄሉን ሲጎትት እንክብሎቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። የጄሉ ልስላሴ ስለሚታወቅ ጉልበቱ በሒሳብ ይሰላል። ሌሎች ደግሞ የሚተጣጠፉ ጥቃቅን ምሰሶዎችን ሠሩ።

በ2016 ሁለት ውጤቶች ተከታትለው ወጡ። የመጀመሪያው ከኒውዮርክ ነው፤ የሞርጋን ሂዩስ ቡድን ገዳይ ቲ ሴሎች መርዛቸውን ረጭተው ብቻ እንደማይሄዱ አሳየ። ዒላማቸውን ይይዙና ሽፋኑን ይወጥሩታል። የተወጠረውን ሽፋን ፐርፎሪን የተባለው ፕሮቲን በቀላሉ ይበሳዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይህ ነው።

ሁለተኛው ከአትላንታ ነው፤ የካሊድ ሰላይታ ቡድን ከዲኤንኤ በተሠራ መለኪያ የአንዲት ተቀባይ ሞለኪውልን ጉተታ ለካ። ከ12 እስከ 19 ፒኮኒውተን ሆነ። 100 ግራም ዕቃ መዳፋችን ላይ የሚያሳርፈው ክብደት 1 ኒውተን ያህል ነው፤ ፒኮኒውተን የዚያ ትሪሊዮንኛ ነው። ታዲያ ይህን ኢምንት ጉተታ ከ12 በታች እንዲሆን ሲገድቡት ቲ ሴሉ ዒላማውን ከሌላው የመለየት ችሎታው ተዳከመ። ለካ የሚጎትተው ሊፈትን ኖሯል! እንደ ዘበኛ ነው፤ መታወቂያውን በዓይኑ አይቶ ብቻ አያልፍም፣ ሳብ አድርጎ ያረጋግጣል።

ዛሬ የካንሰር ሕሙማን የራሳቸው ቲ ሴሎች ተወስደው፣ በላቦራቶሪ «ታጥቀው» ይመለሱላቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ትጥቁን በኬሚስትሪ ብቻ የሚመዝን ግማሹን ይስታል፤ እጁም መመዘን አለበት።

ወዳጆች፣ «ይህማ ኢምንት ነው» ሲሏችሁ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ በየትኛው ሚዛን?