መዝሙረ ዳዊት ከነማኅደሩ
ብራና፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ የእንጨት ገበታ፣ ቆዳ

በግእዝ ቋንቋ በቁም ጽሕፈት የተጻፈው ይህ መጽሐፍ፣ 151ዱን መዝሙራት ከ15ቱ መኃልየ ነቢያት፣ ከመኃልየ መኃልይና ከውዳሴ ማርያም ጋር አስተባብሮ የያዘ ሲሆን፣ ፊደል የቆጠረ ሕፃን ንባቡን የሚያጸናበት፣ ካህኑም ሆነ ምእመኑ ለየዕለቱ ከፍሎ የሚደግመው፣ ሰውም ባረፈ ጊዜ ለነፍሱ የሚጸለይበት፣ ከልጅነት እስከ ዕረፍት የማይለይ የአጥቢያ ክርስቲያን ባልንጀራ ነው። ቅዱሳት አስማት በቀይ ቀለም ተለይተው ሲታዩ፣ የቅጠሎቹ ግርጌ ደግሞ ገላጭ ጣት ደጋግሞ ከመንካቱ የተነሣ ጠቁሯል። ማኅደሩ፣ ባለቤቱ በትከሻው አንግቶት ወደ ደብሩ እንዲገሠግሥ፣ የጠፍር ማንገቻ ተበጅቶለታል። የብዙዎችን እንባና ምስጋና ወደ ፈጣሪ ያደረሰ የጸሎት መጽሐፍ ነውና፣ ተመልካች ሁሉ በአክብሮት ይመልከተው።