የትምህርት ቤትን የኢንተርኔት ማጣሪያ የሚያልፉ ጨዋታዎች

በርካታ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በኢንተርኔት መስመራቸው ላይ ማጣሪያ ያስቀምጣሉ። ማጣሪያው ተጠቃሚው ሊከፍተው የፈለገውን አድራሻ ከተከለከሉት ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ አድራሻው በጨዋታነት የተመደበ ከሆነ አያሳልፈውም። በእንግሊዝኛ «አንብሎክድ ጌምስ» የሚባሉት ጨዋታዎች ይህን ክልከላ እንዲያልፉ ታስበው የሚቀመጡ ናቸው።

አሠራራቸው ረቂቅ አይደለም። ጨዋታው በኮምፒውተሩ ላይ አይጫንም፤ ክሮምን በመሰለ ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል። ማጣሪያው በአብዛኛው የሚያውቀው አድራሻውን እንጂ ጨዋታውን ስላልሆነ፣ ያው ጨዋታ ተቀድቶ በአዲስ አድራሻ ሲቀመጥ ያልፋል። ብዙዎቹ ቅጂዎች እንደ ጎግል ሳይትስና ጊትሃብ ባሉ አገልግሎቶች ላይ የሚገኙትም ስለዚህ ነው። መምህራንና ተማሪዎች የሚገለገሉባቸውን እነዚህን አገልግሎቶች ጠቅልሎ መዝጋት ትምህርቱንም ያስተጓጉላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሊያናዊው ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የሠራው «2048» የተሰኘ የቁጥር ጨዋታ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት በመሆኑ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቅጂዎች አሉት።

በዚያው ዓመት የመጣው የክሮም ዳይኖሰር ደግሞ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚታይ ነውና የመስመር ማጣሪያ አያገኘውም። ጎግል አስተዳዳሪዎች ጨዋታውን የሚያጠፉበትን መንገድ ኋላ ላይ ለመጨመር ተገድዷል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሕፃናት የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ፣ የፌዴራል የኢንተርኔት ድጎማ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ማጣሪያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ሕጉ የሚከለክለው ግን ጸያፍና ለሕፃናት ጎጂ የሆኑ ምስሎችን ነው፤ ጨዋታን መዝጋት የየትምህርት ቤቱ የራሱ ውሳኔ ነው።

ለወላጅ ይበልጥ የሚያሳስበው ከጨዋታው ይልቅ በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ቅጂውን ማን እንዳስቀመጠው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። አንዳንዶቹ ገጾች «አውርድ» የሚሉ አሳሳች ቁልፎችን ይደረድራሉ፤ ቁልፉን የነካ ልጅ ጎጂ ሶፍትዌር ሊጭን ይችላል። ከዚህም የሚብሰው ፕሮክሲ የሚባለው ነው፤ ክልከላውን የሚያልፈው የተጠቃሚውን ግንኙነት በሌላ ሰው ኮምፒውተር በኩል በማሳለፍ ሲሆን፣ የዚያ ኮምፒውተር ባለቤት በገጹ ላይ የሚጻፈውን የይለፍ ቃል ጭምር ሊያይ ይችላል። ልጅ የሚጫወትበት ስልክ የወላጁ ሞባይል ባንኪንግ ያለበት ከሆነ ጉዳቱ ከትምህርት ሰዓት ብክነት ያልፋል።

በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ተራ ጨዋታ ለመከፈት የይለፍ ቃልም፣ የስልክ ቁጥርም፣ የሚጫን ፋይልም አያስፈልገውም። ከእነዚህ አንዱን የሚጠይቅ ገጽ ሲገጥም ወዲያውኑ መዝጋት ይገባል።