ከግቢ ውጪ ያበላን ግቢ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ስድስት ኪሎ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው፤ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ሰልፉ፣ ዘመቻው። እሱን ከእኔ የተሻሉ መምህራን ጽፈውታል። እኔ የማወራችሁ ከዋናው በር ወጥቶ ወደ አፍንጮ በር አቅጣጫ ጥቂት ሲኬድ ስለነበረች አንዲት የቆርቆሮ ግቢ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተማራችሁ ኖን ካፌዎች የትኛዋን እንደምል ገብቷችኋል።

ላልገባችሁ ላስረዳ። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥራ ላይ ሲውል እኔ አንደኛ ዓመት ነበርኩ። ተማሪው ወይ ካፌ ይመገባል፣ ወይ የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ውጪ ይበላል። ሁለተኛውን የመረጥን ኖን ካፌ ተባልን። ገንዘቡ ወር አያደርሰንም፤ ጥፋቱ ግን የራሳችን ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ነጋዴ እንበላለን፣ ከዚያ በኋላ ያለው በዱቤ ነው።

በዚያች ግቢ አምስት ሰዎች ይሠሩ ነበር። አንድ ጋሼ ፉል ይሸጣሉ፤ አንዲት እናት እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሌላዋ ሽሮና በያይነቱ ይሠራሉ፤ አንድ ልጅ ሳምቡሳ ይጠብሳል፤ እትዬ ደግሞ በሩ ላይ ሻይ ያፈላሉ። ቧንቧው አንድ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አንድ፣ አግዳሚ ወንበሩ አራት ነው። ወንበሩ የማንም አይደለም፤ የትም ተቀምጦ ከአምስቱም ማዘዝ ይቻላል። ጠዋት ፉል የተበላበት ወንበር ለምሳ የሽሮው ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ የሳምቡሳው ይሆናል። ሳምቡሳው ሁልጊዜ የምስር ነበር። ልጁ ሙስሊም ስለነበረ በሥጋ ቢሠራው ግማሹ ተማሪ አይበላለትም፣ በጾምም ሥራ ይፈታል፤ ምስር ግን ሁሉን ያስማማል። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት እትዬ ሻያቸውን ይዘው ያመሹለታል።

ሁሉም ግን በፍቅር ብቻ የተያዘ አልነበረም። አንድ ጊዜ ባለ ሽሮዋ ሻይ ማፍላት ጀመሩና ሁለት ሳምንት ያህል ግቢው ተኮራረፈ። ጋሼ ሽማግሌ ሆነው አስታረቁ፤ «የሌላውን ድስት የነካ ወንበሩን ያጣል» የሚል ደንብም ወጣ። ያልተጻፈ ደንብ ነው፤ እኛ ደንበኞቹ ሳንቀር እናውቀው ነበር።

ነገሩን ከታሪክ አንጻር ስናየው ምግብ መሸጥ በአገራችን ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ እንግዳ ይበላል እንጂ አይከፍልም። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ገንዘብ ከፍሎ መብላት ስላፈረ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው ከፈሉ ይባላል። ከመቶ ዓመት በኋላም ያ ስሜት ጨርሶ አልጠፋም ነበር። እትዬ ሒሳብ ሲቀበሉ ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ። ዱቤ ግን እያዩን ነው የሚጽፉት።

የአምስቱም ዱቤ የሚያዘው በአንድ ደብተር ነበር። እትዬ በሩ ላይ ስለሚቀመጡ፣ ደግሞም ከሁሉ የተሻለ ስለሚጽፉ ደብተሩ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል። ስም፣ የዶርም ቁጥር፣ ከዚያ ክብ ለፉል፣ መስመር ለእንጀራ፣ ሦስት ማዕዘን ለሳምቡሳ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። «ያስተማሩኝ እናንተን የመሰሉ ተማሪዎች ናቸው፤ እናንተ ደግሞ ብሉ» ይሉን ነበር።

ገንዘብ የተቀበልን ዕለት ዕዳችንን በሙሉ ለእትዬ እንከፍላለን። ማታ አምስቱ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የኪራይ፣ የውሃና የመብራት ይነሣል፤ ቀጥሎ ዕቁብ ይጣላል፤ የተረፈው በየምልክቱ ይከፈላል። ሳይከፍል የጠፋ ተማሪ ካለ ኪሳራው ለአምስት ነው። ይህን ያወቅሁት የዶርም ጓደኛዬ በዲስሚሳል ሲወጣ 87 ብር ዕዳ ትቶ ስለሄደ ነው። እኔ ቀስ እያልኩ ልክፈል ብላቸው እትዬ፣ «ኧረ ተወው ልጄ፣ ተካፍለነዋል» አሉኝ። አንድ ሰው ብቻውን ቢሸከመው ለሳምንት ሥራ የሚያስፈታ ዕዳ ነበር። ለአምስት ሲካፈል ግን ሁሉም በማግስቱ ሥራቸው ላይ ናቸው። እኛን ያበላን ቸርነት ብቻ ሳይሆን ይህ ሒሳብ ጭምር ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲኒየር ኤሴዬን የጻፍኩት ስለ ገነተ ልዑል ነበር። ስንት ወር በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ንባብ ክፍል ተቀምጬ አሮጌ ወረቀት ፈለግሁ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ደግሞ ደብተሩ ፊቴ ነው። አንድ ቀን እትዬ፣ «ያለቁት ደብተሮች አሉ፤ አንተ የታሪክ ተማሪ አይደለህ? ትወስዳቸዋለህ?» አሉኝ። ሳቅሁ። ያለቀው ደብተር እየተቀደደ ሳምቡሳ ይጠቀለልበት ነበር፤ እኔም የስንቱን ስምና ዕዳ እየገለጥኩ በልቻለሁ። ተማሪው በየትኛው ወር እንደሚቸገር፣ በጾም ምን እንደሚበላ፣ ማን ለማን እንደከፈለ የሚናገር መዝገብ ነበር። በእጄ መጥቶ ናቅሁት። ዛሬ የታሪክ ክፍል መምህራንን የምለምነው ይህን ነው፦ ተማሪዎቻችሁን ወደ ቤተ መዛግብት ስትልኩ ምሳ ወደሚበሉበትም ላኳቸው።

ግቢዋ አሁን የለችም፤ ቦታው ላይ ሌላ ሕንፃ ቆሟል። ባለፈው ዓመት የሳምቡሳውን ልጅ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ከፍቶ አገኘሁት፤ ሪዙ ሸብቷል። እንጀራ የምታመጣለት የዚያች ጋጋሪ እናት ልጅ ናት፤ ዕቁቡም አልፈረሰም። በ1998 ዓ.ም. ስመረቅ ሳልከፍል የሄድኩት 31 ብር ከ50 ሳንቲም ነበረብኝ። ብዙ አድርጌ ልስጠው ስል እጄን መለሰው። «የአምስታችን ነው፤ ብቻዬን አልቀበልም» አለኝ።

ስለዚህ መፈለግ ጀመርን። ፉል ሻጩን ጋሼና ባለ ሽሮዋን አግኝተናል፤ የእንጀራ ጋጋሪዋን ድርሻ ልጃቸው ትቀበላለች። የቀሩት እትዬ ናቸው። ከእናንተ መካከል ያሉበትን የሚያውቅ ካለ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይንገርልኝ። ያልተከፈለ ዕዳ ያለባችሁም እግረ መንገዳችሁን ጻፉልኝ፤ ደብተሩን እንደገና እንጀምረው።