የጻፈውና ያጻፈው

በቀድሞው ዘመን በብራና መጽሐፍ መጨረሻ የጻፈው ብቻ ሳይሆን ያጻፈውም ሰው በጸሎት ይታሰብ ነበር። ብራናውንና የጸሐፊውን ቀለብ የሚችል ባለጸጋ ካልተገኘ መጽሐፍ አይወለድምና። ባለጸጋውም የሚያጽፈው ለነፍሱ የሚበጀውን፥ ገድሉንና ድርሳኑን ነበር፤ ለጨዋታ የሚሆን የጀብዱ ታሪክ እምብዛም አጻፊ አላገኘም።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ እንኳ የታተመው በባዕድ አገር፥ በሮማ ከተማ፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። ደራሲው የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በዚያ ወራት በናፖሊ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ይህ ታሪክ የሚነሣው፥ ደስ እንደሚል፥ ከአንድ ቸር ነጋዴ ነው። የተማረከውን የጦር አለቃ በገንዘቡ ያስለቅቃል። ልጁ ዋሕድ ባለውለታውን ሊፈልግ ሄዶ ራሱ በባርነት ይወድቃል፤ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ፍለጋ ትወጣለች።

በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የብርሃንና ሰላምን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። በ1915 ዓ.ም. የወጣው የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ደግሞ ምክር የተሸከመ የመንገድ ታሪክ ነው። እኛስ ጦቢያን እንመርጣለን።

በቆቦ ሜዳ ማሽላ ሲደርስ ጠባቂዎች በማማ ላይ ሌሊቱን ተረት ይቀባበላሉ፤ አንዱ ጀግናውን ገደል አፋፍ ያደርሰዋል፥ ሌላው ተረክቦ ያሻግረዋል። ለዚህ አጻፊ አልተገኘለትም፤ አዋቂዎቹም እያረጁ ነው። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ለሚቀጥለው መጽሔት የጥቂት ገጽ ወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ቢችሉልን፥ ማማው ድረስ ወጥተን የምንጽፈው እኛ ነን።