ሐረጎን ሲወርድ የጠፋው ፊደል

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ባለች አንዲት የኮምፒዩተር ማስተማሪያ ቤት ውስጥ አራት ሆነን አንድ ስክሪን ፊት ተኮልኩለናል። ውጪው እንደ ልማዱ ዝናብና ጉም ነው። ሁላችንንም ያስተማሩን አንድ መምህር ታመው አዲስ አበባ ሄደው መታከም ነበረባቸው፤ የጡረታ ገንዘባቸው ደግሞ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። ያስተማሯቸው ልጆች በአሜሪካና በአውሮፓ ሞልተዋል፤ የሁሉንም አድራሻ የሚያውቅ ግን የለም። እንግዲያው በኢንተርኔት አንድ ገጽ እናውጣና እርስ በርሳቸው ይቀባበሉት ተባባልን። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። መቼም ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አልመሰለንም።

መሥሪያችን ፍሮንትፔጅ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር የተማረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከስክሪኑ ግርጌ የሚጫኑ ሦስት ቃላት ነበሩ፤ ኖርማል፣ ኤችቲኤምኤልና ፕሪቪው። በመጀመሪያው ልክ ደብዳቤ እንደሚጻፍ እየጻፉ፣ እያቀለሙ፣ ፎቶ እየጎተቱ ገጹን ያበጃሉ። ሁለተኛውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ በጓዳ ሲጽፈው የቆየው የትእዛዝ ጋጋታ ይገለጣል፤ እኛ ፈርተነው በፍጥነት እንዘጋው ነበር። ሦስተኛው ገጹ ሰው ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያሳያል። ፕሪቪው፣ ተመለስ፣ ርእሱን ቀይ አድርገው፣ ፕሪቪው፣ አይ ፎቶው ወደ ቀኝ ይሂድ፣ ደግሞ ፕሪቪው። ስለ ጀርባው ቀለም ብቻ ግማሽ ቀን ተከራክረናል። በመጨረሻ ያማረ ገጽ ወጣን። ቢያንስ ለእኛ አምሮ ነበር።

እያዩ የማስተካከል ነገር ታሪኩ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ድሮ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው በጽሑፉ መሀል “እዚህ ደምቆ ይጻፍ፣ እዚህ መስመር ይዝለል” የሚሉ ትእዛዞችን እየሰገሰገ ይጽፍና ውጤቱን የሚያየው ወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ የዜሮክስ የምርምር ማዕከል በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ ብራቮ የተባለውን ፕሮግራም ሲሠሩ ይህ ተለወጠ። የደመቀው እዚያው ስክሪኑ ላይ ደምቆ፣ የተጋደመው ተጋድሞ ታየ። “ያየኸውን ታገኛለህ” የሚለው መፈክርም ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሲሞኒ በኋላ ማይክሮሶፍት ገብቶ ሁላችንም የምናውቀውን ወርድ ያሠራ ሰው ነው።

ድረ ገጽም ሲወለድ እንዲህ ነበር። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈው የመጀመሪያው ብራውዘር ማንበቢያም መጻፊያም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ብቅ ብሎ ኢንተርኔትን ለሕዝብ ያስተዋወቀው ሞዛይክ ግን በዋናነት ማንበቢያ ሆነ፤ አንባቢና ጸሐፊ እዚያ ላይ ተለያዩ። ቨርሚር የተባለ ትንሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ፍሮንትፔጅን ያወጣው ይህንን ክፍተት አይቶ ነው። ማይክሮሶፍት ብዙም ሳይቆይ፣ በ1996 ጥር ወር፣ ኩባንያውን በ130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። እንደኛ ትእዛዝ የማያውቅ ሰው ድረ ገጽ መሥራት የቻለው በእነዚህ ሰዎች ነው።

ወደ ደሴ ልመለስ። ገጹን ኢንተርኔት ላይ የሚሰቅልልን ኮምቦልቻ የሚሠራ ጓደኛችን ነበር፤ ማታ ማታ የስልክ መስመር የሚያገኝ እሱ ብቻ ነው። ገጹን በፍሎፒ ገልብጠን፣ ፍሎፒውን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሐረጎን እየተጠማዘዙ ሲወርዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ላይ የለበሱትን ጃኬት ኮምቦልቻ ላይ በክንድ ይዞ መሄድ ነው።

ፍሎፒው ተከፈተ። አማርኛው የለም። በአማርኛው ፋንታ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ጥያቄ ምልክትና ነጥብ ተደበላልቆ ስክሪኑን ሞልቶታል። ፎቶው የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥንና ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀምጧል። ርእሱ ቀይ ነው፤ የጀርባው ቀለም ያ የተከራከርንበት ቢጫ ነው። ከተጻፈው ሁሉ በትክክል የሚነበበው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ አኀዞቹ ፈረንጅ ስለሆኑ ተርፈዋል። ጓደኛችን አይቶት፣ “ይህን ብሰቅለው መምህራችንን አጭበርባሪ ነው የምናስመስላቸው” አለ። እውነቱን ነበር።

የፎቶው ጥፋት የራሳችን ነው። ገጹ ፎቶውን ደሴ ካለው ኮምፒዩተር ማኅደር እንዲያመጣ ታዞ ነበርና ኮምቦልቻ ላይ ከየት ያምጣው? ፎቶውን ፍሎፒው ላይ መገልበጥ ማንም ትዝ አላለውም። የፊደሉ ነገር ግን ከእኛ በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ በየቢሮው ያሉት ኮምፒዩተሮች አማርኛ አያውቁም ነበር። እኛ “ሀ” ብለን ስንጽፍ ማሽኑ የሚያስቀምጠው የአንድ የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ የአማርኛው ፎንት ደግሞ በዚያ ቁጥር ላይ የ“ሀ”ን መልክ ያለብሰዋል። ልብሱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲሄድ እርቃኑን ይቀራል። ችግሩ በዚህ አያበቃም። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ የኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ እያንዳንዱም በየፊናው “ሀ”ን በመሰለው ቁጥር ላይ አስቀመጠው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ቢሮዎቻችንን ከታይፕ ወደ ኮምፒዩተር ያሻገሩ ባለውለታዎች ናቸው። ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር።

አሁን ሲታሰብ ፕሪቪው አልዋሸንም። ያሳየን ገጹ እኛው ማሽን ላይ፣ ለእኛው ዓይን ምን እንደሚመስል ነው። ስለ ሌላ ሰው ማሽን ምንም አላለም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ሰፈራችን ወዳሉት እትዬ ዘንድ ሄድን። እትዬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕድሜ ልካቸውን ታይፕ የመቱ ሴት ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡም መኪናዋ ከእጃቸው አልወጣችም። የአማርኛ ታይፕ ራሱ የብልሃት ውጤት ነው። ከመሐንዲስ አያና ብሩ ጀምሮ የነበረው ጭንቀት ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ እንዴት እናስፍር የሚል ነበርና፣ ግንዱን መትቶ ቅጥያውን ለብቻ መጨመር ግድ ሆነ። እትዬ የነገሩን ስለ ስቴንስል ነው። ሰርኩላር ለ200 ሰው ሲባዛ ሪባኑ ከመንገድ ይነሳል፣ ቁልፉ ሰም የተቀባውን ወረቀት ይበሳል እንጂ ቀለም አይተውም። ጸሐፊዋ የምትጽፈውን በቅጡ አታየውም። ጨርሳ ስቴንስሉን ከመኪናው ታወጣና ወደ መስኮት አንስታ በብርሃን ታነበዋለች፤ የተሳሳተውን በማረሚያ ቀለም ትደፍንና ደግማ ትመታበታለች። ያ ነበር የእትዬ ፕሪቪው። ሳያዩ ይጽፉ ነበር፤ 200ውም ሰው ግን አንድ ዓይነት ወረቀት ይደርሰው ነበር። እኛ ሁሉን እያየን ጻፍን፤ ለሌላው የደረሰው ሌላ ነገር ሆነ።

“እትዬ፣ እንግዲህ ይህችን ደብዳቤ ይምቱልን” አልናቸው።

“አብሽሩ ልጆቼ፣ አምጡት” አሉ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ጊዜ እስከ ታች አነበቡት፣ ከዚያ ካርቦን አስገብተው መቱት። ወረቀቱን በስካነር አንስተን እንደ ፎቶ ገጹ ላይ ለጠፍነው። ያኔ አማርኛ ይዞ ውጭ መውጣት የፈለገ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ ጽሑፉን ሥዕል ማድረግ። በስልክ መስመር ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ሲገለጥ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ቢሆንም ደረሰ፣ ተነበበ፣ ገንዘብም መጣ። መምህራችን ታክመው ተመለሱ፤ ሦስት ዓመትም ከእኛ ጋር ኖሩ።

የሚያበሽቀው፣ መፍትሔው በዚያን ጊዜ በወረቀት ላይ አልቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ተሰጥቶታል፤ “ሀ” በዓለም ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አገኘ። ነገር ግን ሕጉ ከወጣ በኋላም ማሽኖቹ ዓመታት ዘገዩ። እኛ የምንሠራበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ይዞት የመጣ የግዕዝ ፎንት አልነበረም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ፍሮንትፔጅ በዚያው ሰሞን ቀረ። ዛሬ የኮምቦልቻ ተማሪ በስልኩ የጻፈው “ሀ” ሲያትልም “ሀ” ነው፤ እንዲያ ያልሆነበት ዘመን እንደነበረም ሲነግሩት አያምንም።

በመሀል የጠፋው ግን ጠፍቷል። በእነዚያ ዓመታት በአማርኛ የተሠሩ ገጾች ስንቶቹ ዛሬ ይነበባሉ? ብዙ ሰው በነጻ ገጹን የሚያኖርበት ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ። ፋይሉ የተረፈለትም ፎንቱ ከሌለው የያዘው የዶላር ምልክትና ቅንፍ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 እና 1281 ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ። ብራናው በወስፌ ተወግቶ፣ መስመር ተሰምሮለት፣ በእጅ የተጻፈ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ከ740 ዓመት በኋላ ያነበዋል። የእኛን ፋይል ለማንበብ ግን 20 ዓመትም በዛ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር ማለቂያ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። ኮምፒዩተር ዋጋ ስላለው ተወሰደ፤ ውስጡ ያለው መዝገብም አብሮ ሄደ። እትዬ ከቤታቸው ሸሽተው ሲመለሱ ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ ጨርቁ ተወስዶ ወረቀቱ ወለል ላይ ተበትኖ አገኙት። ከወረቀቶቹ አንዱ የዚያ ደብዳቤ የካርቦን ቅጂ ነበር።

ይህን ስሰማ የእኔም ፍሎፒ ትዝ አለኝ፤ ላስቲኩ እንኳ አልወለቀም ነበር። የፍሎፒ ማንበቢያ ከወዳጅ ተዋስኩ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ያው የዶላር ምልክት። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ የድሮውን ፎንት ቁጥሮች ከዩኒኮዱ ጋር እያዛመደ የሚለውጥ አጭር ፕሮግራም ሠርቶልኝ፣ ደብዳቤው ከዓመታት በኋላ በአማርኛ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከካርቦን ቅጂው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩት። ያ ስንት ጊዜ ፕሪቪው ያደረግነው ገጽ ላይ የመምህራችን የአባታቸው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። እትዬ ሲመቱት አርመውት ኖሯል፤ ግን አልነገሩንም።