«ዳበሌ» የ«ሕፃንነት» አቻ ነውን?

የልጅ ዕድገት ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ ጀርመናዊው ዊልሄልም ፕራየር የገዛ ልጁን ከውልደቱ እስከ ሦስት ዓመቱ ተከታትሎ ያየውን በ1882 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከእርሱ በኋላ ዣን ፒያዤ የልጅን አስተሳሰብ በእርከኖች ከፈለ። የሁለቱም መነሻ ልጁ ራሱ ነው።

ይህን ዕውቀት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ገና ከደጁ ይቸገራል፤ «ዕድገት» የአካልን መጨመርና የአእምሮን መለወጥ ሳይለይ ይይዛልና። የኦሮምኛው «ጉዲና»ም ከዚህ አይሻልም። በአምቦና በሸነን አካባቢ ጨቅላው «ዳኢማ»፣ ከፍ ያለው ልጅ «ሙጫ» ይባላል (የአማርኛ አንባቢን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም)።

ከባዱ ግን «ዳበሌ» ነው። ስምንት ዓመት የሚፈጀው የመጀመሪያው የገዳ እርከን ስለ ሆነ በ«ሕፃንነት» ለመተካት ያጓጓል። ሆኖም አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በቦረና ልጅ እርከኑን የሚያገኘው ከአባቱ እርከን ተቆጥሮ ነው፤ በመካከላቸው ዘወትር 40 ዓመት አለ። አባቱ በእርከኑ ከገፋ በኋላ የተወለደ ልጅ እንግዲህ ዳበሌን ጨርሶ ሳያይ ከበላዩ ባለው እርከን ይጀምራል፤ ጡት እየጠባ እንኳ ቢሆን።

ስለዚህ «ዳበሌ» በመዝገበ ቃላት ሲገባ የማኅበራዊ ሥርዓት ቃል ተብሎ ይፈታ፤ ለፕራየር ጨቅላ «ዳኢማ» ይበቃዋል።