አነስተኛ ምግብ ቤቶች ከተወዳዳሪዎቻቸው የሚለዩባቸው መንገዶች

በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን የተከፈቱ አነስተኛ ምግብ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ተመሳሳይ ምግብ ነው፤ በያይነቱ፣ ሽሮ፣ ጥብስ። ልዩነት በሌለበት ደንበኛ የሚመርጠው በዋጋ በመሆኑ ባለቤቶቹ ዋጋ በመቀነስ ይሽቀዳደማሉ። የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲጨምር ግን ቅናሹን ለማካካስ እንጀራው ያንሳል፣ ወጡም ይቀጥናል፤ ደንበኛውም ፊቱን ያዞራል። አነስተኛ ካፒታል ያለው ድርጅት ይህን ዓይነቱን ውድድር ለረጅም ጊዜ ሊቋቋም አይችልም። በመሆኑም መለያውን ከዋጋ ውጭ መፈለግ ይኖርበታል።

መለያ ምግብ መምረጥ

የምግብ ዝርዝርን ማብዛት ለጥሬ ዕቃ ብክነት ይዳርጋል። በአንጻሩ ጥቂት ምግቦችን፣ በተለይም አንዱን፣ በየዕለቱ በእኩል ጥራት የሚያቀርብ ቤት በዚያው ምግብ ይታወቃል። «ሽሮ ቤት» እና «ክትፎ ቤት» የሚሉት የተለመዱ መጠሪያዎች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ጥራቱ ጸንቶ እንዲቆይ የበርበሬው፣ የሽሮውና የቅመሙ መጠን በጽሑፍ ተመዝግቦ ሊያዝ ይገባል። ሙያው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከቀረ፣ ወጥ ሠሪዋ ሥራ በለቀቀች ማግስት ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል። የእንጀራ ሊጥ ለመቡካት ቀናት የሚወስድ ስለሆነ፣ በገበያ ቀንና በበዓል ሰሞን የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ማስላት ያሻል።

የጾምና የፍስክ ወቅትን ማገናዘብ

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ 15 ቀናት ይቆያል። በሥጋ ምግብ ብቻ የሚተዳደር ቤት በእነዚህ ጊዜያት ገቢው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ለጾም የሚሆን መለያ ምግብ ማዘጋጀትና የጾሙን ማብሰያ ከፍስኩ ለይቶ መያዝ የጿሚውን ደንበኛ አመኔታ ያተርፋል።

ግልጽነት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃና የአገልግሎት ዋጋን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ይህ ግዴታ ለምግብ ቤቱም ይጠቅማል፤ የሚከፍለውን አስቀድሞ ያወቀ እንግዳ ያለ ሥጋት ይገባል። የእጅ መታጠቢያው፣ የመጸዳጃ ቤቱና የአስተናጋጁ ልብስ ንጽሕናም ከምግቡ በፊት የሚታዩ መለያዎች ናቸው።

ስምን ማስጠበቅ

የታወቀ ስም በሌላ ሰው ሊወሰድ ይችላል። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የሚመዘገብ ሲሆን፣ ምዝገባው ለ7 ዓመታት ይጸናል፤ ሊታደስም ይችላል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ለዓመታት በድካም የተገነባ መልካም ስም የድርጅቱ ሀብት በመሆኑ፣ ምዝገባው ስሙ ከመሰረቁ በፊት ሊፈጸም ይገባል።